ሁለት በር ያለው እድር

አቶ ገብረጻድቅ በሕይወታቸው ሁለት ነገር ይፈሩ ነበር፤ አንዱ ውሻ፣ ሌላው ቀባሪ ማጣት። ውሻውን በድንጋይ ይመልሱታል። ቀባሪ ማጣትን የሚመልሱበት ድንጋይ ስላላገኙ ግን የእድር ሊቀመንበር ሆኑ። ከሳቸው በፊት የነበሩት ሁሉ "የእድር ዳኛ" ነበር የሚባሉት። እሳቸው "ዳኛ የገጠር ነው" ብለው ማዕረጉን ያስለወጡት በተመረጡ ማግሥት ነው።

ፍርሃቱ የልጅነት ነው። አባታቸው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ከእድራቸው ጋር በአንድ የተሰበረ ወንበር ተጣልተው "ሞቴን ራሴ እችለዋለሁ" ብለው ወጡ። ሞቱን ራሱ የቻለ ሰው እስካሁን አልታየምና፣ የሞቱ ዕለት ሳጥናቸውን የተሸከሙት ጥቂት ሰዎች ተቀያሪ አጥተው በየመንገዱ እያሳረፉ ሲሄዱ ትንሹ ገብረጻድቅ ከኋላ ሆኖ ያይ ነበር። እናቱ ወይዘሮ አቻምየለሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቡ ይራመዱ ነበርና ጎንበስ ብለው "እኔን እንዲህ አድርገህ እንዳትቀብረኝ" አሉት። ልጁ ጎረመሰ፣ አገባ፣ ሸበተ፣ ጡረታ ወጣ። እናትየው ይህችን ቃል መድገም አልተዉም። ሌላ የሚለምኑት ነገር አልነበራቸውም፤ ቀብራቸው ሰው በሰው ይሁን፣ በቃ።

ወይዘሮ አቻምየለሽ ቃሊቲ ካለ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ነው ያረጁት። ልጃቸውንም እዚያው አስቀጠሩ። ፋብሪካው ሁለት በር ነበረው። ትልቁ በር በዋናው መንገድ በኩል ነው፤ ባንዲራ የሚሰቀልበት፣ ሥራ አስኪያጁ በመኪና የሚያልፉበት፣ ዘበኛው ተነሥቶ ሰላምታ የሚሰጥበት። ሁለተኛው በር ከኋላ ነው፤ ከመጋዘኑ ጥግ ያለች ጠባብ የብረት በር፤ ሠራተኛው በፈረቃ መለወጫ እየተፈተሸ የሚግተለተልባት። ገብረጻድቅ በኋለኛዋ በር ሲገቡ ሲወጡ ኖረው አንድ ቀን የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ሆኑና በትልቁ በር እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። መኪና ስላልነበራቸው በእግራቸው ገቡ። ቢሆንም ዘበኛው ተነሣላቸው። ማታ ይህን ለእናታቸው አወሩ።

"በዚያ በር ማን ማን ያልፋል?" አሉ እናታቸው።

"ሥራ አስኪያጁ፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እኔ።"

"ታዲያ ከማን ጋር እያወራህ ትገባለህ?"

ኃላፊው ይህን የአሮጊት ወሬ ነው ብለው አለፉት። በኋለኛዋ በር ግን ዳግመኛ ላያልፉ ማሉ። ዓለም የምትጸናው በሁለት በር እንደሆነ፣ ሁሉም በአንድ በር የገባ ቀን ምጽአት እንደሚሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ አመኑ። ሰውን ሲተዋወቁም ስሙን ከመጠየቃቸው በፊት በየትኛው በር እንደሚገባ በዐይናቸው ይገምቱ ነበር።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው እድሩን የተረከቡት። እድሩ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ፋብሪካ ሠራተኛውም ባለ ሱቁም ያለበት የድሮ እድር ነው። ቀድሞ ሰው ሲሞት ጋሽ ሰቦቃ የሚባሉ ጡሩምባ ነፊ ማለዳ ተነሥተው በየመንደሩ እየነፉ ይለፍፋሉ፤ ፀሐይ ሳትሞቅ ያልሰማ አይኖርም። በኋላ ሰፈሩ ለልማት ተፈለገ ተባለና ፈረሰ። አንዱ ገላን ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ሌላው ቱሉ ዲምቱ፣ የቀረው ቃሊቲ ቀረ። የጋሽ ሰቦቃ ትንፋሽ ቱሉ ዲምቱ አይደርስም። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ሆነው በመስኮት ሊነፉ ቢሞክሩ ረዳቱ መንገድ ላይ አወረዳቸው።

ቴሌግራም ተሞከረ። ቴሌግራሙ ላይ መርዶ ከሚሸጥ ሶፋ፣ ከዘይት ዋጋና "ለሌላ ሰው ካላስተላለፍክ መቅሠፍት ይመጣብሃል" ከሚል ጸሎት ጋር ተደባልቆ ይወርድ ጀመር። በመጨረሻም አንድ የቸኮለ አባል የሌላ ሳዲቅን ሞት ሰምቶ የእድሩን ሳዲቅ ገደለው። ሳዲቅ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ሲመጡ ሟች ባንኮኒው ኋላ ቆሞ አገኙት። ሰውየው ነጋዴ ነውና ብዙም አልደነገጠም። ላለቀሱለት ሁሉ ሶፍት ሸጠላቸው።

አቶ ገብረጻድቅ ያን ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው አዋጅ አወጡ። "ከእንግዲህ በእድሩ ድረ ገጽ ላይ ያልወጣ ሐዘን፣ ሐዘን አይደለም። በስልክ የተነገረ፣ ታክሲ ውስጥ የተሰማ፣ ቴሌግራም ላይ የታየ አይታመንም። ድንኳንም አይወጣም።" ጉባኤው አጨበጨበ፤ በቴሌግራም መሞትን ያልፈራ አልነበረምና።

ድረ ገጹን የምትሠራው ሊዲያ ሆነች። ሊዲያ ቦሌ አካባቢ ካለ ቢሮ ድረ ገጽ እየሠራች የምትኖር ልጅ ናት፤ እድሩ አባቷን በደንብ ስለቀበረላት ውለታ ልመልስ ብላ ነው የመጣችው። የእድሩ ቢሮ አሮጌ ኮንቴነር ነው፤ ግማሹ ድንኳን፣ ብረት ድስትና ወንበር፣ ግማሹ የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ። ልጅቷ ላፕቶፗን ድስቶቹ መሀል ዘርግታ ሥራዋን አሳየች። በኮምፒውተሩ ላይ ገጹ ሰፊ ነበር። በስልኳ ስትከፍተው ያው ገጽ ጠበበና ፊደሉ ጎላ።

"አድራሻው አንድ ነው ጋሼ፤ ገጹ ራሱን እንደ ስልኩ ልክ ያስተካክላል" አለች።

አቶ ገብረጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የምከፍተውና ረዳቱ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚከፍተው አንድ ነው ማለት ነው?"

"አንድ ነው።"

"በአንድ በር?"

"በአንድ በር ጋሼ።"

"እንዲህማ አይሆንም ልጄ። ይሄ እኮ እድር ነው፤ ሽንት ቤት አይደለም።"

ኮሚቴ ተጠራ። ሊዲያ ጠመኔ ይዛ በኮንቴነሩ ግድግዳ ላይ መንገዶቹን ጻፈች። አንደኛው ለስልክ የተለየ አድራሻ መስጠት ነው፤ ከእድሩ ስም ፊት አንድ ፊደልና ነጥብ ትቀመጣለች። ሁለተኛው ከስሙ ኋላ ጭረት አድርጎ "ስልክ" የሚል ቃል መቀጠል ነው። ሦስተኛው የሷ ነው፤ ምንም ሳይጨመር አንድ አድራሻ ለሁሉም። ኮሚቴው ሦስተኛውን አላየውም። አንድ ነገር ሳይጨምር የተበተነ ኮሚቴ ምኑን ኮሚቴ ነው? ክርክሩ ፊደሏ ከፊት ትሁን ከኋላ በሚለው ላይ ሆነ። አንዱ በመሥራቾቹ ስም ፊት ፊደል ማስቀደም ድፍረት ነው አለ። ሌላው ከኋላ የሚንጠለጠል ነገር ጭራ ነው፣ እኛ ደግሞ ከብት አይደለንም አለ። እንዲህ እየተባለ ዳቦና ለስላሳ መጣ፣ ተበላ፣ ክርክሩ እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ።

ሳዲቅ ቢጨንቀው እጁን አወጣ። "የኔ ሱቅ አንድ በር ነው ያለው ጋሼ። ሀብታሙም ድሃውም ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው።"

"ለዚህ ነው ሱቅ ሆኖ የቀረው" አሉ ሊቀመንበሩ።

ሊዲያ የመጨረሻ ሙከራ አደረገች። "ሁለት አድራሻ ማለት ሁለት ቤት ማለት ነው ጋሼ። አንዱ ላይ የለጠፉትን ሄደው ሌላውም ላይ መለጠፍ አለብዎት፤ አንድ ቀን አንዱ መረሳቱ አይቀርም። ደግሞ ሰው የኮምፒውተሩን አድራሻ ለወዳጁ ቢልክለት፣ ያ ወዳጅ በስልኩ ሲከፍተው ፊደሉ ጉንዳን ሆኖ ነው የሚታየው።"

"ዘበኛ ይቁምበታ።"

ሊዲያ ይቻላል አለች። ዋናው አድራሻ ላይ የመጣውን የሚያይ ነገር ይደረጋል፤ በስልክ ከመጣ ዝም ብሎ ወደ ስልኩ አድራሻ ይመልሰዋል።

የአቶ ገብረጻድቅ ፊት በራ። "ሰላምታም ይሰጣል?"

"ማን?"

"ዘበኛው።"

በዚሁ ተወሰነ። ፊደሏ ከፊት ሆነች፤ ኋለኛው በር በስሙ ፊት መሆኑ ትንሽ ቢከነክናቸውም ጭራ ከመሆን ይሻላል ተባለ። በዋናው በር በኮምፒውተር ለሚገባ "እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡር አባል" የሚል ሰላምታ፣ የሊቀመንበሩ ትልቅ ፎቶ፣ የእድሩ ታሪክ፣ መተዳደሪያ ደንቡና የመርዶ ማስታወቂያ ተቀመጠለት። በስልክ ለሚገባው አንድ መስመር። "ለሱ ምን ያደርግለታል? ሞተ፣ አልሞተም፤ በቃ" አሉ ሊቀመንበሩ። ሞት በሌለበት ቀን ያቺ መስመር ባዶ እንዳትሆን ደግሞ ራሳቸው ቃል በቃል አስጻፉ። "ዛሬ ሐዘን የለም። ተመስገን። ሊቀመንበሩ።"

"ቀኑን ላስገባበት ጋሼ?" አለች ሊዲያ።

"ዛሬ እያልን ቀኑ ምን ያደርጋል?"

ጡሩምባው ተወልውሎ ከሊቀመንበሩ ወንበር በላይ ተሰቀለ። ጋሽ ሰቦቃ የድንኳን ጠባቂ ተባሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ሠራ። የሠራው ግን ሊዲያ በዋናው በር የሚለጠፈውን ሁሉ እየተከታተለች ወደ ኋለኛው ስለምትገለብጥ ነው። አባላቱ ለመዱት። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስልኩን አውጥቶ "ዛሬ ሐዘን የለም" የሚለውን አንብቦ፣ "ተመስገን" ብሎ ኪሱ መክተት የአቃቂ ቃሊቲ የጠዋት ጸሎት ሆነ። ስልኳን የምትሳለምም አንድ አሮጊት ነበረች። አቶ ገብረጻድቅ በበኩላቸው ጠዋት ጠዋት ኮንቴነራቸው ውስጥ ኮምፒውተሩን ከፍተው "እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡር አባል" ሲባሉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታውን ይመልሳሉ። ቀጥሎ ፎቷቸውን ያያሉ። ሌላ ሥራ ሲኖር ሌላ ሥራ ይሠራሉ።

አንድ ቀን ሊዲያ ኮሚቴው በተሰበሰበበት መጥታ፣ ማን በየት በኩል እንደሚገባ የሚያሳይ ነገር አለ፣ ተመልክቼው ነበር አለች።

"በስልኩ በኩል አባሉ ሁሉ ይገባል። በዋናው በኩል ግን የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው።"

"ማን ነው እሱ? ስሙን ንገሪኝና የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍለት።"

"እርስዎ ነዎት ጋሼ።"

ልጅቷ ሳታፍር ቀጠለች፤ ሰው ከሌለበት በሩን ዘግተን አንድ እናድርገው፣ እኔም መገልበጡ ሰልችቶኛል አለች። እውነት መናገር ጥሩ ነው፤ ለሊቀመንበር በኮሚቴ ፊት መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። አቶ ገብረጻድቅ ቀዩ ፊታቸው ጠቆረ። "ቁልፉን አስረክቢ" አሏት። ሊዲያ የሁለቱንም በር የይለፍ ቃል እዚያው አስለውጣ አስረከበች። የዋናውን በቃላቸው ያዙት። የኋለኛውን ራሳቸው በሁለት ጣት ነካክተው አስገቡና ከወንበራቸው ሳይነሡ ረሱት። ሊቀመንበር የጓሮ በር ቁልፍ ምን ሊያደርግለት?

ያን ሰሞን ሞት ራሱ የዓመት ፈቃድ የወጣ ይመስል ማንም አልሞተም። ስለዚህ ኋለኛው በር "ዛሬ ሐዘን የለም" እያለ ቢከርምም እውነቱን ነበር።

ወይዘሮ አቻምየለሽ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ልጃቸው ቤት ተኝተው ነበር። የሰፈራቸው ሰው ሁሉ ተበትኖ ከማያውቁት ጎረቤት ጋር አንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ነው የቆዩት፤ በኋላ መውረዱም ቀረ። ጎረቤቱ ሌሊት ለሥራ ይወጣል፣ ማታ ይገባል፤ ሰላም ቢላቸው እንኳ በሩን እየቆለፈ ነው። አንድ ምሽት ልጃቸውን ጠሩት።

"ጡሩምባው አለ?"

"አለ እማዬ። ቢሮ ተሰቅሏል።"

"ማን ይነፋዋል?"

"አሁንማ በድረ ገጽ ነው።"

"ይጮኻል?"

"አይጮህም። ሰው ራሱ ሄዶ ያየዋል።"

"ሰው መርዶ ፍለጋ ይሄዳል እንዴ ልጄ? መርዶ ነው እንጂ ሰው ፍለጋ የሚመጣ።"

"አትስጊ እማዬ፤ የሊቀመንበር እናት ነሽ" አሉ አቶ ገብረጻድቅ። ይህን ያሉት ከልባቸው ነው። እናታቸውን ይወዱ ነበር፤ በዚህ አይታሙም።

እናትየው በሳምንቱ ጎሕ ሲቀድ ዐረፉ። አቶ ገብረጻድቅ እግራቸው ሥር ተደፍተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዕፀገነት ዐይኗን ጠርጋ ስልኳን አነሣች።

"ለማን ልትደውዪ ነው?"

"ለእድሩ ሰው ነዋ።"

"ተይ። በስልክ የተነገረ አይታመንም ያልኩት እኔ ነኝ። እኔው ላፍርስ? ለእናቴ ቀባሪ እየደወልኩ አልለምንም።"

ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው በሚኒባስ ቃሊቲ ሄዱ፣ ኮንቴነሩን ከፈቱ፣ ኮምፒውተሩን አበሩ። "እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡር አባል" አላቸው። እያነቡ ረጅም ማስታወቂያ ጻፉ፤ የእናታቸውን ትውልድ፣ የፋብሪካ አገልግሎታቸውን፣ ደግነታቸውን፣ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ከባላቸው ጎን ቃሊቲ ባለው ቤተ ክርስቲያን እንደሚፈጸም ሁሉንም አሰፈሩ። ዐይን በሚሞላ ፊደል አድርገው በዋናው በር ለጠፉና ተመልሰው ገላን ገቡ። የሚቀረው ሰውን መቀበል ብቻ ነበር።

ከብሎኩ ሥር ከየቤቱ የተለቀሙ ወንበሮች ተደረደሩ። አቶ ገብረጻድቅ የፊተኛው ላይ ተቀመጡ። ረፋዱ መጣ፤ ሰው አልመጣም። የዕፀገነት እኅት መጣች። ከፊት ለፊት በር ያለችው ሴትዮ ሕፃኗን አዝላ ጥቂት ተቀምጣ ተነሣች። የብሎኩ ጥበቃ መጥቶ "ወንበሮቹ መኪና ማቆሚያ ላይ ናቸው" አለ፤ ነገሩ ሲገባው ባርኔጣውን አውልቆ አብሯቸው ተቀመጠ። ድንኳን የለም። ሳጥኑን ማን ይሸከማል? አቶ ገብረጻድቅ መጀመሪያ ሰውን ቀጠሮ አያከብርም ብለው ታዘቡት። ቆይተው "የዚህ እድር ሰው ልቡ ደንድኗል" አሉ። በመጨረሻ ግን ያቺ የድሮ መንገድ፣ ያ እየቆመ የሚሄድ የአባታቸው ሳጥን በዐይናቸው ላይ መጣ።

ለሳዲቅ ደወሉ። ለመለመን አይደለም፤ የሻይ ስኳር አለ ወይ ብለው ለመጠየቅ ነው።

"ሱቅ የለሁም ጋሼ" አለ ሳዲቅ በደስታ። "አልሐምዱሊላህ ዛሬ ሐዘን የለም ብለዋል አይደል? ዕቃ ልጭን መርካቶ ወጥቻለሁ።"

በአማርኛ ለቀባሪው አረዱት ይባላል። ለቀባሪው "ሐዘን የለም" ብሎ ማብሠር ግን ያን ቀን አቃቂ ቃሊቲ ላይ ተጀመረ።

አቶ ገብረጻድቅ ስልካቸውን ከጆሯቸው አውርደው አዩት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የእድሩን አድራሻ በስልክ ከፈቱ። ያቆሙት ዘበኛ ማን እንደሆኑ እንኳ ሳይጠይቅ ወደ ኋለኛው በር አዞራቸው። ነጭ ሜዳ ላይ አንድ መስመር ተጽፏል። "ዛሬ ሐዘን የለም። ተመስገን። ሊቀመንበሩ።"

ለሊዲያ ደውለው የሆነውን ነገሯት። ልጅቷ ሰማቻቸውና "ቁልፉ እኔ ጋ የለም ጋሼ፣ ራስዎ ነበሩ የለወጡት" አለች። "አስመልሰዋለሁ፤ ግን ማታ ይደርሳል።"

"ቀብሩ ከሰዓት ነው።"

ሊዲያ ብዙ የምትለው ነበራት። "እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሼ፣ እየመጣሁ ነው" ብቻ አለች።

ዕፀገነት በዚህ ጊዜ አላስፈቀደችም፤ በራሷ ስልክ መደወል ጀመረች። ግማሹ ሥራ ላይ ሆኖ አያነሣም። ያነሣው ደግሞ በትሕትና "ቆይ አንዴ አድራሻው ላይ ልይ" እያለ ይዘጋባታል። አዋጁ እንዲህ በደንብ ይከበራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አቶ ገብረጻድቅ እየሮጡ ቃሊቲ ተመለሱ። ጋሽ ሰቦቃ ከኮንቴነሩ ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ።

"ጋሽ ሰቦቃ፣ እናቴ ሞተች።"

ሽማግሌው ተነሡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ድንኳን ላውጣ? አድራሻው ላይ ወጥቷል?"

"ወጥቷል… በአንደኛው በር።" አቶ ገብረጻድቅ ገብተው ጡሩምባውን ከግድግዳው ነቅለው ወጡ። "በሞቴ፣ ይንፉልኝ።"

ጋሽ ሰቦቃ አፋቸውን ከፍተው አሳዩ። የፊት ጥርስ የለም። "ይሄ ጥርስ ይፈልጋል ልጄ። የኔን አምና ነቅለው ጨረሱት።"

ሌላ ማን አለ? ሊቀመንበሩ በጥቁር ኮታቸው ጡሩምባ ይዘው ዋናው መንገድ ላይ ወጡ። ነፉ። የወጣው ድምፅ የታመመ ጥጃ ድምፅ ነበር። አንድ ሲኖትራክ ክላክሱን ለቀቀው፤ ጥጃውም ጠፋ። ደግመው ነፉና "የአቻምየለሽ ቀብር ዛሬ ነው!" ብለው ጮኹ። ሰዎች ዞር ብለው አይተው ሄዱ። ከመንገዱ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ልዕልት የምትባል የእድሩ አባል ብቻ ብድግ ብላ ስልኳን አወጣች።

"ጋሼ፣ ተሳስተዋል መሰለኝ። ዛሬ ሐዘን የለም ይላል።"

"እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት።"

"እርስዎ ካሉማ ነው እኮ የማምነው።"

"እናቴ ናት ልዕልት" አሉ። ከዚህ በኋላ ሊቀመንበርነቱ አልቀረላቸውም። "እናቴ ናት የሞተችው።"

ልዕልት ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ሽንኩርቷን ለጎረቤቷ አደራ አለች። "ታዲያ እዚህ ማን ይሰማዎታል? ፈረቃ ሊወጣ ነው፤ ፋብሪካው በር ይሂዱ።"

አቶ ገብረጻድቅ ሮጡ። እግራቸው በልማዱ ትልቁ በር ላይ አደረሳቸው። በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው አዲስ ነው፤ አያውቃቸውም፤ አልተነሣላቸውም።

"በዚህ ሰው አይወጣም አባቴ፣ በኋላ ይዙሩ።"

ዞሩ። ከመጋዘኑ ጥግ፣ ያቺ ጠባብ የብረት በር እንደ ድሮዋ አለች። ስትከፈት ሠራተኛው ሰማያዊ ቱታውን እንደለበሰ፣ ጥጥ በፀጉሩ እንደሰፈረ እየተጋፋ ወጣ። አቶ ገብረጻድቅ ከፊቱ ቆሙና ያላቸውን ትንፋሽ ሁሉ ሰበሰቡ። ይህኛው ድምፅ ወጣ፤ ከንፈራቸውም አብሮ ተሰነጠቀ። ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ።

"አቻምየለሽ ሞታለች! የክር ክፍሏ አቻምየለሽ! ገላን ነው ያለችው፤ የሚያነሣት የለም!"

"የኛ እማማ አቻምየለሽ?" አለች አንዲት ጠና ያለች ሴት። "ሥራ ያስለመዱኝ እኮ እሳቸው ናቸው።" ሌላዋ አብራቸው የሠራች እናቷን፣ ሌላው አክስቱን አስታወሰ። ስልኩን ያወጣ አንድም ሰው አልነበረም። ጡሩምባ ሰምቶ ማጣሪያ የሚፈልግ የዚያ ሰፈር ልጅ ገና አልተወለደም።

ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ከመኪና ወርዶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያመራ መንገዱ ሰማያዊ ሆነ። ሸክሙ ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲዘዋወር አንድ ጊዜ እንኳ መሬት አልነካም። አቶ ገብረጻድቅ እጃቸውን ሊያሳርፉበት ሞክረው ነበር፤ ተራ አልደረሳቸውም። አባታቸውን እንደሸኙት ከኋላ ሆነው ተከተሉ። ይህን ጊዜ ግን ከፊታቸው የሰው ጀርባ ብቻ ነበር፤ ሳጥኑ አይታይም። ሳዲቅ ዕቃውን ጥሎ ከመርካቶ ደረሰ። የያዘውን ሶፍት ዛሬ በነፃ አደለ። አቶ ገብረጻድቅ ሕዝቡን ሊያመሰግኑ ተነሥተው ነበር፤ ከንፈራቸው አብጦ ቃል አልወጣውም። ሕዝቡም ይህን ከረጅም ንግግር ይልቅ ወደደው።

ሊዲያ ሠልስት ዕለት ቁልፉን አስመልሳ መጣችና በኮሚቴው ፊት የትኛው በር ይዘጋ ብላ ጠየቀች። አቶ ገብረጻድቅ አሁንም መናገር አይችሉም ነበር። በእጃቸው ትልቁን በር ጠቆሙ። ዘበኛውም ተሰናበተ፤ አድራሻው አንድ ሆነ፤ ከፊትም ከኋላም ምንም የለበትም። ሰው መቼም ባንዴ አይለወጥምና፣ ፎቷቸው ግን ወደ አንዱ በር እንዲዛወር በጽሑፍ ጠየቁ። ተዛወረ። በስልክ ሲታይ የጥፍር ያህላል።

ጡሩምባውን ወደ ግድግዳው አልመለሱትም። ቤታቸው ወሰዱት። ጠዋት ጠዋት አራተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ቆመው ይለማመዳሉ። የገላን ጎረቤቶች ለብሎኩ ኮሚቴ አመልክተውባቸዋል።